ኢንተርኔት ሲዘጋ ማን ነው ዝም የሚለው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «እውነቱን ልናገርና እኔ ኢንተርኔት ሲዘጋ ደስ ከሚላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ፌስቡክና ቲክቶክ ሕዝቡን እርስ በርስ አባሉት። ዴሞክራሲ ያመጣል ተብሎ አልነበር? ምን አመጣ? ነገር ሲጋጋል ለጊዜው ቢዘጋ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? መንግሥትስ በሕግ ይህን ማድረግ አይችልም ወይ?»

አልፈርድብህም ወንድሜ። ሥራዬ ኔትወርክ ስለሆነ ሰው ሲያገኘኝ የሚያነሳብኝ ይህንኑ ነው፣ «እንኳን ዘጉት» የሚለኝም ከምታስበው በላይ ብዙ ነው። አብዛኞቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። የፈሩ ሰዎች ናቸው።

ፍርሃቱም ከመሬት አልበቀለም። በ2014 መስከረም መጨረሻ ላይ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ስማቸው፣ ፎቶአቸውና የሚኖሩበት ሰፈር በፌስቡክ ገጾች ላይ ከውንጀላ ጋር ተለጠፈ። ልጃቸው አብርሃም ጽሑፎቹ ይነሱ ብሎ ለኩባንያው አመለከተ። ጥቅምት 24 ቀን ቤታቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደሉ። ኩባንያው አንዱ ጽሑፍ ደንብ ይጥሳል ብሎ መልስ የሰጠው ሰውዬው ከተገደሉ በኋላ ነው። ልጁ በታኅሣሥ 2015 ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ፣ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 «ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ» ብሏል።

እስቲ ይህን ታሪክ ረጋ ብለህ እየው። የክሱ ፍሬ ነገር፣ ሜታ በእኛ ቋንቋዎች የሚጻፈውን የሚከታተል በቂ ሰው አልመደበም፣ አሠራሩም ቁጣ የሚቀሰቅሰውን ጽሑፍ እየመረጠ ለብዙ ሰው ያደርሳል የሚል ነው። መድኃኒቱ ታዲያ ምንድን ነው? ጽሑፉ በሰዓታት ውስጥ እንዲነሳ ማድረግ፣ የጻፈውን ሰው መጠየቅ፣ ኩባንያውን ማስከፈል። የመላ አገሩን መስመር መቁረጥ ከነዚህ አንዱንም አይሠራም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው ነገሩ።

«ቢሆንም ደም መፋሰሱን ያበርደዋል» ትለኝ ይሆናል። ያበርዳል ወይ? ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ማታ ተገደለ። በማግስቱ ጠዋት ኢንተርኔት አልነበረም፣ አዲስ አበባም ሻሸመኔም፣ የትም። ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። እነዚያ ከ160 በላይ ሰዎች የሞቱባቸው፣ ቤትና ንብረት የተቃጠለባቸው ቀናት ግን የመጡት ኢንተርኔት ጠፍቶ ሳለ ነው። ለማቃጠል የወጣ ሰው ቲክቶክ አላስፈለገውም፤ ስልክ ደወለ፣ በር ለበር ሄደ። በዚያው ሰዓት ዋሽንግተንና ሚኒያፖሊስ ያለው ሰው ኢንተርኔቱ እንዳለ ነው። ላይቭ እየገባ የፈለገውን ይላል። አገር ቤት ያለው፣ ነገሩን በዓይኑ ያየው ሰው፣ «ኧረ እዚህ እንዲህ አልሆነም» ብሎ የሚመልስበት መንገድ የለውም። ቤተሰቡ የት እንዳለ ያጣው ስደተኛም በፈንታው የሰማውን ወሬ ሁሉ ያምናል፣ ያጋራል። ስለዚህ መዝጋት ጥላቻውን ዝም አያሰኝም። ዝም የሚያሰኘው ምስክሩን ነው፣ ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ መነሻ እዚህ ጋ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይም አይደለም። ያን ሪድዛክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2019 የሕንድን መዘጋቶች ከተቃውሞዎች ጋር አስተያይቶ ነበር። ያገኘው ነገር፣ በተዘጋባቸው ቦታዎች ሁከት ያለበት ተቃውሞ ጭራሽ የመጨመር አዝማሚያ እንዳለው ነው። ምክንያቱን ለመገመት ብዙ መራቀቅ አያስፈልግም፣ ሰላማዊ ሰልፍ ቅንጅት ይፈልጋል፤ ድንጋይ መወርወር አይፈልግም።

ትግራይ ደግሞ ሌላኛው ጫፍ ነው። ከጥቅምት 25 ቀን 2013 ጀምሮ ኢንተርኔቱ ብቻ ሳይሆን ስልኩም ሄደ። እናት ከልጇ ድምፅ ሳትሰማ ከረመች። በኅዳር 2013 አክሱም ላይ የተገደሉትን ሲቪሎች ጉዳይ አምነስቲ ያወጣው በየካቲት ነው፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም (ኢሰመኮ) ሪፖርቱን ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወራት አለፉ ማለት ነው። ያ ጊዜ ቢያንስ ለአንድ ነገር ይበቃል፤ «አልሆነም» ለማለት። መስመሩ ቀስ በቀስ መመለስ የጀመረው ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ወዲህ ነው።

አሁን ልማዱ ከየት እንደመጣ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የረሳው ታሪክ ነው። ነገሩ አገር አቀፍ የሆነው በጦርነት አይደለም። በፈተና ነው!

በ2008 የኦሮሚያ ተቃውሞ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለወራት በአግባቡ አላስተማሩም። ፈተናው ይራዘም ተብሎ ተጠየቀ፣ ሰሚ አልተገኘም። ከዚያ ግንቦት ላይ የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ውጭ ባሉ አክቲቪስቶች በኩል ፌስቡክ ላይ ወጣ። መንግሥት ፈተናውን ሰረዘው። እስቲ አስበው፣ ሰልፍም ደብዳቤም ያላስቀየረውን ውሳኔ አንድ ሌሊት የተለጠፈ ፎቶ አስቀየረው። ፈተና መስረቅ ትክክል ነበር እያልኩህ አይደለም፤ ድሃ ተማሪም አብሮ ተጎድቷል። ግን ኢንተርኔት ፖለቲካ ውስጥ ምን ያህል ክብደት እንዳለው መንግሥትም ሕዝቡም የተማሩት ያን ቀን ይመስለኛል። ሁለቱ የወሰዱት ትምህርት ግን ለየቅል ነው። ሐምሌ ላይ ፈተናው በድጋሚ ሲሰጥ ፌስቡክ፣ ትዊተር፣ ኢንስታግራምና ቫይበር ተዘጉ። «ተማሪዎቹ ሐሳባቸው እንዳይከፋፈል ነው» ብለው ያስረዱት የዚያን ጊዜው የመንግሥት ቃል አቀባይ አቶ ጌታቸው ረዳ ነበሩ።

አምስት ዓመት ሳይሞላ ግን እኚሁ ሰውዬ መስመሩ በተቆረጠበት ክልል ውስጥ ተገኙ። ይህን የማነሳው በማንም ለመሳቅ አይደለም። አንተ ዛሬ «ይዘጋ» ስትል ማጥፊያው ሁልጊዜ አንተ በምታምነው ሰው እጅ የሚቆይ ይመስልሃል። አይቆይም። በአገራችን የሥልጣን ወንበር እንዴት እንደሚገለባበጥ አንተም ታውቀዋለህ።

ከፈተናው በኋላ ያለውን ዝርዝር ታስታውሰዋለህ። በ2009 መጀመሪያ ከአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ጋር የሞባይል ዳታ ጠፋ። ግንቦት ላይ ለፈተና እንደገና። በ2010 ሰኔ የ264 ድረ ገጾች እገዳ ተነሳ ሲባል፣ ኢሳትና ኦኤምኤን ሳይቀሩ ሲከፈቱ፣ ሁላችንም «ይሄ ነገር አለቀ» አልን። ዓመት ሳይሞላ ለ2011ዱ ፈተና ተዘጋ፣ ከሰኔ 15ቱ ግድያዎች በኋላ ደግሞ እንደገና። ሐምሌ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኢንተርኔት ውኃም አየርም አይደለም ብለው ተናገሩ። ከዚያ ወለጋ በ2012፣ ከዚያ ሃጫሉ፣ ከዚያ ትግራይ፣ ከሐምሌ 2015 ጀምሮ ደግሞ አማራ ክልል። «ለጊዜው» የሚለው ቃል ወደ ሁለት ዓመት መለጠጡን አየህ አይደል?

በነገራችን ላይ ፈተናው ሌላ መፍትሔ ነበረው። ከ2015 ጀምሮ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ፣ ስልክ ሳይዝ እንዲፈተን ተደረገ። ወጪው ብዙ ነው፣ ውጤቱም ብዙ ወላጅ አስለቅሷል፤ ግን ቢያንስ ችግሩን ችግሩ ባለበት ቦታ ለመያዝ የተሞከረ ነገር ነው።

ወደ ዴሞክራሲው ልምጣ። ኢንተርኔት ዴሞክራሲ ያመጣል የሚለው ወሬ በዓለም ላይ የነገሠው ከግብፅ በኋላ ነው፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2011። ሙባረክ ኢንተርኔቱን በሙሉ ለአምስት ቀን አጠፉት፣ ግን ታህሪር አደባባይ አልተበተነም፤ እንዲያውም ቤቱ ስክሪን ላይ የነበረው ሰው ወጣ። ጥሩ ታሪክ ነው። ከዚያ በኋላ ግብፅ ምን ሆነች ብለህ ብትጠይቀኝ ግን መልሱን ታውቀዋለህ። ኔፓልም በ2017 ጳጉሜን አካባቢ 26 መተግበሪያዎችን አግዳ በቀናት ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ከሥልጣን ወርደዋል፤ ወጣቶቹ ዲስኮርድ ላይ ተሰብስበው ስለ ጊዜያዊ መሪ ሲከራከሩ ዓለም ጉድ አለ። ያ ወዴት እንደሚያደርስ ጊዜ ነው የሚናገረው።

ስለዚህ ቁርጡን ልንገርህ። ኢንተርኔት ዴሞክራሲ አያመጣም፣ ያለ እሱ ግን ዛሬ ዴሞክራሲን ማሰብ ከባድ ነው። የሚሰጠው ነገር ሲበዛ ትንሽ ነው፤ ተራ ሰው የሥልጣን ባለቤቱን በአደባባይ ሊጠይቅ የሚችልበት ዋጋው ርካሽ የሆነ ቦታ። «ስለሚያገባን እንጦምራለን» ብለው የተነሱት የዞን 9 ልጆች ያደረጉት ያንን ነው። ስለ ሕገ መንግሥቱ ይጽፉ ነበር፣ «ሕጉ ይከበር» ይሉ ነበር። በሚያዝያ 2006 ታሰሩ፣ በሽብር ተከሰሱ። ክሱ ውስጥ ኮምፒውተራቸውን ከሰላዮች ስለሚጠብቁበት ዘዴ የወሰዱት ሥልጠና ሳይቀር ገብቶ ነበር። ኋላ ከሽብር ክሱ ነፃ ወጡ፣ ግን ጊዜያቸው ተበላ። በነገራችን ላይ ሥልጠናው አላስፈላጊ አልነበረም። ሲቲዝን ላብ የተባለው የካናዳ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2017 ባወጣቸው ሪፖርቶች ሦስት የተለያዩ የውጭ ኩባንያዎች የስለላ ሶፍትዌር በኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞችና ተቃዋሚዎች ላይ መዋሉን አሳይቷል። አሜሪካና አውሮፓ ተቀምጦ እንኳ ማምለጥ አልነበረም።

የማያምር ጎኑንም አልሸሽግህም። ያ ርካሽ ቦታ ለጥሩ ጠያቂ እንደሚያገለግል ለስድብ ነጋዴም ያገለግላል። ውጭ ተቀምጦ ዩቲዩብ ላይ ጥላቻ ሸጦ ቤት የገዛ ሰው አለ፣ ማንነቱን ሁላችሁም የየራሳችሁን ስም ልትጠሩ ትችላላችሁ። መንግሥትም የሚከፍላቸው አወዳሾች አሉት እየተባለ ይወራል። ግን እነዚህ ሁሉ የሚፈሩት መዘጋትን አይደለም። ሲዘጋ ተመልካች አይጎድልባቸውም፤ ውጭ ያለው ተመልካች ይበቃቸዋል። የሚፈሩት መልስ የሚሰጥ ሰው ነው።

የሕጉን ነገር ጠይቀሃል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው በመረጠው ማሰራጫ መረጃ የመቀበልና የማሰራጨት መብት አለው ይላል። ገደብ አይኖርም አይልም፤ ገደቡ ግን በሕግ መሆን አለበት ይላል፣ የጦርነት ቅስቀሳና የሰውን ክብር የሚነካ ንግግር በሕግ እንደሚከለከልም እዚያው አስቀምጧል። ለዚህ ነው በ2012 የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 የወጣው። ይህ አዋጅ የጻፈውን ሰው ይቀጣል፣ ሐሰተኛ መረጃውን ያሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል፣ ኩባንያዎቹም ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይጠይቃል። እኔ በበኩሌ «ሐሰተኛ መረጃ» የሚለው ትርጉሙ በጣም ሰፍቷል ባይ ነኝ፣ መንግሥት የማይወደውን ሁሉ ለመክተት ይመቻል። ያም ሆኖ አንድ ነገር አስተውል። መሣሪያው በእጃቸው አለ። የሰው ስም፣ የገጽ አድራሻ፣ ቅጣት። አገር ሙሉ ዝጉ የሚል አንቀጽ የለውም።

አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ነገሩ ይለያል። በአንቀጽ 93 መሠረት አንቀጽ 29 ሊታገድ ከሚችሉት መብቶች ውስጥ ነው። ግን ሥርዓት አለው፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያውጃል፣ ፓርላማው በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት፣ ዕድሜውም ስድስት ወር ነው፣ ከዚያ በኋላ በየአራት ወሩ ይታደሳል። በ2008ና በ2011 ለፈተና ሲዘጋ የታወጀ ነገር ነበር? ሰኔ 2011 ላይስ? አልነበረም። በሃጫሉ ጊዜ አዋጅ ነበረ፣ ለኮቪድ! የካቲት 2015 ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ጉዳይ ሲነሳ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ወደ አምስት ወር ገደማ ሲታገዱም እንዲሁ አዋጅ አልነበረም። ትእዛዙን ማን ሰጠ፣ በየትኛው አንቀጽ፣ እስከ መቼ የሚል ወረቀት ለሕዝብ ሲወጣ አላየንም። እንግዲህ «ይችላል ወይ» ላልከው፣ በሥርዓቱ ከሆነ የተወሰነ ነገር ይችላል፤ እስካሁን በብዛት ያየነው ግን ያንን አይደለም።

ወረቀቱ ለምን አስፈለገ መሰለህ? ያለ ወረቀት ክስ የለም። ዚምባብዌ እ.ኤ.አ. በጥር 2019 የነዳጅ ዋጋ ተቃውሞ ጊዜ ዘግታ ነበር፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት «ያዘዘው ሚኒስትር ሥልጣኑ የለውም» ብሎ አስከፈተው። የቶጎን መዘጋት የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበር (ኤኮዋስ) ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ሕገ ወጥ ብሎታል፣ ካሳም አስከፍሏል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በዚያው ዓመት ስለ ካሽሚር ሲወስን፣ ትእዛዙ ይፋ ይውጣ፣ መጨረሻ የሌለው መዘጋት አይፈቀድም አለ። ሕንድ ከዚያ ወዲህም መዝጋቷን አላቆመችም፤ ግን ቢያንስ የሚከሰስበት ወረቀት አለ።

ለምን እኛ ጋ እንዲህ ቀለለ ካልከኝ፣ ለረጅም ጊዜ መስመሩ ሁሉ በአንድ የመንግሥት ድርጅት በኩል ሲያልፍ ስለኖረ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው የሞባይል ዳታ ነው፤ እሱን ማጥፋት ደግሞ የትእዛዝ ጉዳይ ነው፣ ከባድ ምህንድስና የለበትም። ሳፋሪኮም በ2015 ሥራ ሲጀምር «ከእንግዲህ አይዘጋም» ያሉ ነበሩ። ፈቃድ የሚሰጥህ አካል ዝጋ ካለህ ግን ትዘጋለህ፣ ሁለትም ሁን አሥርም። አንዳንድ መተግበሪያ ብቻ ሲታገድ አሠራሩ ይለያል፤ ስልክህ ገና ሲገናኝ የሚጠራውን የድረ ገጽ ስም ያዩና ግንኙነቱን ያቋርጡታል። ቪፒኤን የሚሠራውም ለዚህ ነው፣ ያንን ስም ይደብቅልሃል። ዳታው በሙሉ ሲጠፋ ግን ቪፒኤንም ዋጋ የለውም። በ2015 የአምስት ወሩ እገዳ ጊዜ አገሩ በሙሉ ቪፒኤን ጫነ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም በታገደው ፌስቡክ ላይ መግለጫ ማውጣታቸውን አልተዉም። እኔን እስከዛሬ የሚያስቀኝ እሱ ነው።

ከዚህ የከፋው ግን ሕዝቡ ያገኘውን ነፃ ቪፒኤን ሁሉ መጫኑ ነበር። ባለቤቱ የማይታወቅ ነፃ ቪፒኤን የምትገባባቸውን ድረ ገጾች ሁሉ ሊያይና መረጃውን ሊሸጥ ይችላል። ከጫንክ ስሙ የታወቀ፣ ኮዱ በገለልተኛ ሰዎች የተመረመረ ይሁን። እሱንም ሳይዘጋ በፊት ጫነው፣ ከተዘጋ በኋላ ማውረጃውም አብሮ ሊዘጋ ይችላል።

በሚቀጥለው ጊዜ የሆነ ገጽ እንቢ ሲልህ ደግሞ ኡኒ ፕሮብ የሚባል ነፃ መተግበሪያ አለ፣ የታገደውን ይለካና ውጤቱን ለሁሉም ይፋ ያደርጋል። «ኔትወርክ ደክሞ ነው» ለሚልህ መልስ ይሆንሃል። ይፋ መሆኑን ግን አስብበት፤ አካባቢህ የሚያሰጋ ከሆነ ተወው። ጥላቻ የጻፈብህን ሰው ካገኘህ መጀመሪያ ስክሪኑን ፎቶ አንሳና ሊንኩን ያዝ፣ ከዚያ ሪፖርት አድርግ፤ ጽሑፉ ከተነሳ በኋላ ማስረጃ ታጣለህና። መልሰህ ለማውገዝ ብለህ ደግሞ አታጋራው፣ ያንን ነው የሚፈልገው።

አንድ ሌላም አለ፣ እምብዛም ሰው የማይጠቀምበት። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው የሚገባው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው፣ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፣ እምቢ ካለ አቤቱታው እስከ እንባ ጠባቂ ተቋም ሊደርስ ይችላል። ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ሆነ ለኢትዮ ቴሌኮም «በዚህ ቀን በእኔ ከተማ ዳታ እንዲቋረጥ ያዘዘው ማን ነው፣ በየትኛው ሕግ?» ብለህ ጻፍ። «የአገር ደኅንነት» ብለው ሊከለክሉህ ይችላሉ። ያንን ክልከላ በጽሑፍ ስጡኝ በል፤ ዚምባብዌዎቹ ፍርድ ቤት የሄዱት የሚያነሱት ትእዛዝና የሚጠሩት ሚኒስትር ስለነበራቸው ነው።